ከማዕድን ጉድጓድ እስከ ቆሻሻ መጣያ፦ የቀለም የአካባቢ ተጽዕኖ በጅቡቲ ከተማ

(የመግቢያ ሙዚቃ)

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅት ስለ ቀለም የሚያስረዳ ሲሆን፣ ቤት፣ መጋዘን፣ ድልድይና መርከብ የሚቀባበት ቀለም ጥሬ ዕቃው ከመሬት ከሚወጣበት ጊዜ አንሥቶ ተላጦ እስከሚወድቅበት ቀን ድረስ በአየር፣ በውሃ፣ በአፈርና በሰው ጤና ላይ የሚያሳድረው ጫና እንዴት እንደሚመዘን ይተነትናል። ማብራሪያው በጅቡቲ ከተማ ላይ የሚያተኩረው በሁለት ምክንያቶች ነው። አንደኛ፣ ከተማዋ በባሕር ጨው፣ በብርቱ ሙቀትና በአቧራማ ነፋስ መካከል የምትኖር በመሆኗ ቀለም ከብዙ ቦታዎች ይልቅ ፈጥኖ ያረጅባታል። ሁለተኛ፣ የኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ ወደቦች የሚተላለፍ በመሆኑ፣ በአዲስ አበባ እንደ ነፋስ ስልክና ካዲስኮ ያሉ ፋብሪካዎች የሚያመርቱት ቀለም ከውጭ የሚመጣለት ጥሬ ዕቃ በአብዛኛው የሚገባው በዚህችው ከተማ በኩል ነው። በዝግጅቱ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አድማጮች ልብ ይበሉ።

ቀለም የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው የቆርቆሮውን ዋጋና የቀለሙን መልክ ነው፤ ለአካባቢ የሚያስብ ሰው ደግሞ ሽታው ቀላል መሆኑን ወይም በውሃ የሚበጠበጥ መሆኑን ያጣራል። እነዚህ ጥያቄዎች ተገቢ ቢሆኑም ለብቻቸው ሲቆሙ ወደ ስሕተት ሊመሩ ይችላሉ፤ በአንድ ቆርቆሮ ሲለካ ጉዳቱ አነስተኛ የሚመስል ቀለም በአጭር ጊዜ እየተላጠ በተደጋጋሚ የሚቀባ ከሆነ፣ በዓመታት ድምር ሲታይ ጉዳቱ ከሌላው ይበልጣልና። ስለዚህ የዚህ ማብራሪያ ዋና ሐሳብ፣ የቀለም የአካባቢ ጫና መለካት ያለበት በሊትር ሳይሆን ቀለሙ ግድግዳን ወይም ብረትን ጠብቆ በሚያቆይበት ዘመን ነው የሚል ነው።

ይህን ዓይነቱን ልኬት ለማካሄድ የሚያገለግለው ዘዴ የሕይወት ዑደት ምዘና ይባላል። ዘዴው አንድ ዕቃ ከጥሬ ዕቃ ማውጣት፣ ከማምረት፣ ከማጓጓዝ፣ ከመጠቀምና ከማስወገድ ጋር በተያያዘ የሚወስደውን ጉልበትና ቁሳቁስ እንዲሁም ወደ አካባቢ የሚለቀውን ሁሉ በአንድ መዝገብ ላይ አስፍሮ የሚደምር ነው። ከዘዴው የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ ኮካ ኮላ ኩባንያ በ1969 የመጠጥ መያዣዎችን ለማወዳደር ያሠራው ጥናት ሲሆን፣ ዛሬ አሠራሩ የሚመራው ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በ2006 ባወጣቸው ቁጥር 14040 እና 14044 በሆኑ ደረጃዎች ነው።

በደረጃዎቹ መሠረት ምዘናው አራት እርምጃዎች አሉት። በመጀመሪያው እርምጃ ጥናቱ ምን ለማወቅ እንደሚካሄድና ከየት ተነሥቶ የት ላይ እንደሚቆም ይወሰናል። በሁለተኛው የገቢና የወጪ መዝገብ ይዘጋጃል፤ ይኸውም ስንት ኪሎ ማዕድን፣ ስንት ሊትር ውሃና ስንት ኪሎዋት ሰዓት መብራት እንደ ገባ፣ ስንት ጋዝ፣ ፍሳሽና ደረቅ ቆሻሻ እንደ ወጣ የሚመዘገብበት ነው። በሦስተኛው እርምጃ መዝገቡ ላይ የሰፈሩት ቁጥሮች ወደ ጉዳት ይተረጎማሉ፤ ለምሳሌ የተለያዩ ጋዞች የምድርን ሙቀት በመጨመር ረገድ ያላቸው አቅም በካርቦን ዳይኦክሳይድ ልክ ተመንዝሮ ይደመራል፣ መርዛማ ነገሮችም በውሃ ውስጥ ሕይወትና በሰው ጤና ላይ ባላቸው ኃይል ይመደባሉ። በአራተኛው ውጤቱ ይተረጎማል፤ የትኛው ደረጃ ከባዱን ጫና እንደሚያመጣና የትኛው ቁጥር ቢለወጥ ድምዳሜው እንደሚለወጥ የሚመረመረው እዚህ ላይ ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ትልቁን ቦታ የሚይዘው የአገልግሎት መለኪያ የሚባለው ነው። ሁለት ቀለሞች የሚወዳደሩት በሚሰጡት እኩል አገልግሎት እንጂ በእኩል ክብደት አይደለም። ለዚህም ነው የአውሮፓ ኅብረት ለቤት ቀለሞች ባዘጋጀው የምዘና ደንብ ውስጥ መለኪያው አንድ ካሬ ሜትር ገጽን ለ50 ዓመት መጠበቅና ማስዋብ ተብሎ የተወሰነው፤ ቀለሙ የሥሩን ገጽ ቢያንስ 98 በመቶ መሸፈን እንዳለበትም ተደንግጓል። አንድ ሊትር ብዙ የሚሸፍን ከሆነ ወይም ረጅም ዘመን የሚቆይ ከሆነ፣ በዚህ መለኪያ ሲታይ ጫናው ይቀንሳል ማለት ነው።

(የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

የቀለም የሕይወት ዑደት የሚጀምረው ከተሠራበት ነገር ነው። ማንኛውም የግድግዳ ቀለም በመሠረቱ አራት ክፍሎች አሉት፤ እነሱም መልክና ሽፋን የሚሰጠው ዱቄት፣ ዱቄቱን ከግድግዳው ጋር አጣብቆ የሚይዘው ረዚን፣ ቀለሙ በብሩሽ ወይም በሩሎ እንዲቀባ የሚያቀጥነው ውሃ ወይም ሌላ አሟሚ፣ እንዲሁም እንዳይበላሽ፣ እንዳይረጋና አረፋ እንዳይሠራ የሚጨመሩት በመጠን አነስተኛ የሆኑ ቅመሞች ናቸው። በውሃ የሚበጠበጠው የፕላስቲክ ቀለምም ሆነ በተለምዶ በቲነር ወይም በአኳራጅ የሚቀጥነው የዘይት ቀለም ከሚጋሯቸው ነገሮች ዋነኛው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የተባለው ነጭ ዱቄት ነው። ይህ ዱቄት ብርሃንን በእጅጉ የሚበትን በመሆኑ ለነጭነትም ሆነ ለመሸፈን ኃይል ተወዳዳሪ አልተገኘለትም።

ዱቄቱ የሚገኘው ኢልሜናይትና ሩታይል ከሚባሉ ማዕድናት ሲሆን፣ እነዚህ ማዕድናት በምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ በሚገኙ እንደ ኬንያ፣ ሞዛምቢክና ማዳጋስካር ባሉ አገሮች ከባሕር ዳር ጥቁር አሸዋ ተለቅመዋል። ማዕድኑን ወደ ንጹሕ ነጭ ዱቄት ለመለወጥ በሰልፈሪክ አሲድ ማሟሟት ወይም በከፍተኛ ሙቀት በክሎሪን ማጣራት ያስፈልጋል፤ ሁለቱም መንገዶች ብዙ ጉልበት ይበላሉ። በመሆኑም አንድ ኪሎ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ለማምረት ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር የሚመጣጠን የሙቀት አማቂ ጋዝ ይለቀቃል፤ በብዙ የውሃ ቀለሞች ምዘና ላይም ከፍተኛውን የካርቦን ድርሻ የሚይዘው ይኸው ዱቄት ሆኖ ይገኛል።

የአሲዱ ዘዴ የሚያስከትለው ፍሳሽም የራሱ ታሪክ አለው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ በጣሊያን የሚገኝ አንድ የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ፋብሪካ በኮርሲካ ደሴት አቅራቢያ ወደ ባሕር ያስደፋው የነበረው፣ በቀለሙ ምክንያት ቀዩ ጭቃ የተባለው አሲዳማ ዝቃጭ፣ የደሴቲቱን ዓሣ አጥማጆች ለተቃውሞ ካነሣሣ በኋላ የአውሮፓ ማኅበረሰብ በ1978 የዚህን ኢንዱስትሪ ቆሻሻ የሚቆጣጠር ልዩ መመሪያ አወጣ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ በጅቡቲ አንድ ግድግዳ በነጭ ቀለም ሲደምቅ፣ የዚያ ነጭነት ዋጋ ቀደም ብሎ በሌላ አገር ባሕርና አየር ላይ ተከፍሎ ሊሆን ይችላልና ምዘናው ያንን ሳይቆጥር ማለፍ አይችልም።

ቀጣዩ ደረጃ ጉዞ ነው። ብዙ ሰዎች ከሩቅ አገር የመጣ ዕቃ ከባዱ ጉዳቱ በጉዞው ላይ ያለ ይመስላቸዋል፤ ቁጥሮቹ የሚናገሩት ግን ሌላ ነው። ትልቅ የኮንቴነር መርከብ አንድ ቶን ጭነት አንድ ኪሎ ሜትር ሲያጓጉዝ ወደ 10 ግራም የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፤ ከባድ የጭነት መኪና ግን ለዚያው ሥራ ከ60 እስከ 100 ግራም ሊለቅ ይችላል። በዚህ ስሌት ከሻንጋይ እስከ ጅቡቲ ያለው ከ11 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ የባሕር መንገድ በአንድ ቶን ላይ ከ110 ኪሎ ግራም ብዙም የማይርቅ ጫና ሲያስከትል፣ ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ በመኪና የሚደረገው 900 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ጉዞ ብቻውን ከ54 እስከ 90 ኪሎ ግራም ያህል ያስከትላል። ሁለቱ ተደምረው እንኳ ያንኑ አንድ ቶን ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ለማምረት ከተለቀቀው ከ4 እስከ 6 ቶን ጋር ሲነጻጸሩ ጥቂት ናቸው። ሆኖም የየብሱን ጉዞ በ2017 ጅቡቲ ድረስ በተመረቀው፣ በኤሌክትሪክ በሚንቀሳቀሰውና 750 ኪሎ ሜትር በሚረዝመው የባቡር መስመር ማድረግ፣ መብራቱ በአብዛኛው ከኢትዮጵያ የውሃ ኃይል የሚመነጭ በመሆኑ፣ የዚህን ክፍል ጫና በግልጽ ይቀንሰዋል።

ጉዞ የሚያሰጋው ግን በጋዝ ብቻ አይደለም፤ በመፍሰስም ነው። በ2002 መጀመሪያ ላይ ክሮሜትድ ኮፐር አርሰኔት የተባለ፣ ክሮሚየም፣ መዳብና አርሰኒክ የተዋሐዱበት የእንጨት መከላከያ ኬሚካል ወደ ኢትዮጵያ ለማለፍ ጅቡቲ ወደብ ደርሶ ሳለ ከተጫነባቸው የፕላስቲክ መያዣዎች ፈሰሰ። ይህ ኬሚካል የመብራት ምሰሶዎችን ከምስጥና ከመበስበስ ለመጠበቅ የሚያገለግል ሲሆን፣ ግድግዳ ላይ ከሚቀባው ቀለም ቢለይም የዕቃን ዕድሜ የማራዘም ተግባሩ አንድ ነው። አርሰኒክ ብርቱ መርዝ በመሆኑ የወደቡን አንድ ክፍል ማጽዳት ከባድ ሥራ ሆነ፤ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅትም በእርዳታው ተሳትፏል። ሁኔታው እንደሚያሳየው የሕይወት ዑደት ምዘና ዕቃው በደኅና ቀን የሚለቀውን ብቻ ቢቆጥርና አደጋ በደረሰ ቀን ሊያመጣ የሚችለውን ከግምት ባያስገባ ሥዕሉ ጎደሎ ይሆናል፤ በተለይም የሌላ አገር ዕቃ የሚያስተላልፍ የወደብ ከተማ የማይጠቀምበትን ኬሚካል አደጋ ይሸከማል።

(የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ቀለም ከቆርቆሮው ወጥቶ ግድግዳ ላይ በሚያርፍበት ሰዓት ከሁሉ ቀድሞ የሚጎዳው ቀለም ቀቢው ነው። በዘይት ቀለም ውስጥ ያለው አሟሚ ቀለሙ ሲደርቅ ወደ አየር ይተናል፤ እነዚህ በቀላሉ የሚተኑ የካርቦን ውህዶች ራስ ምታትና ማዞር ከማስከተላቸውም ሌላ፣ በፀሐይ ብርሃን ከመኪናና ከጄኔሬተር ጭስ ጋር ተዋሕደው በመሬት አቅራቢያ ኦዞን የተባለውን ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ይፈጥራሉ። ጅቡቲን የመሰለ ፀሐይ የበዛባትና የቀን ከፍተኛ ሙቀቷ በሐምሌ በአማካይ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሚወጣ ከተማ ለእንዲህ ዓይነቱ ውህደት ምቹ ናት። የአውሮፓ ኅብረት ከ2010 ጀምሮ በአንድ ሊትር የማያብለጨልጭ የቤት ውስጥ የግድግዳ የውሃ ቀለም ውስጥ ከ30 ግራም በላይ የሚተን ውህድ እንዳይኖር ሲደነግግ፣ ለበርና ለመስኮት ለሚሆነው የዘይት ቀለም የፈቀደው ጣሪያ 300 ግራም ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አሥር እጥፍ መሆኑ የውሃ ቀለም በዚህ ረገድ ያለውን ብልጫ ያሳያል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅትም የቀለም ቀቢነትን ሥራ በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ሁኔታዎች ተርታ ስላስቀመጠው፣ የመተንፈሻ ጭንብልና በቂ ንፋስ የቅንጦት ጉዳይ ሊሆኑ አይገባም።

ከሚተነው ይልቅ የሚቀረው የከፋበት ሁኔታም አለ፤ እሱም ሊድ በመባል የሚታወቀው የእርሳስ ብረት ነው። የእርሳስ ውህዶች ደማቅ ቢጫና ቀይ መልክ ለመስጠት፣ ማድረቅን ለማፋጠንና ብረትን ከዝገት ለመጠበቅ ለረጅም ዘመን ሲያገለግሉ ቆይተዋል። የዓለም የሥራ ድርጅት በቤት ውስጥ ቅብ ነጭ የእርሳስ ውህድ እንዳይገባ የሚያግድ ስምምነት ያወጣው በ1921 ቢሆንም፣ ችግሩ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በብዙ አገሮች ዘልቋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስገነዝበው ምንም ጉዳት እንደማያስከትል የታወቀ የእርሳስ መጠን የለም፤ በተለይም አቧራውን በእጃቸው ወደ አፋቸው የሚያስገቡ ሕፃናት አእምሮአቸው ገና በማደግ ላይ ስለሆነ ጉዳቱ ዕድሜ ልክ ይከተላቸዋል። ኢትዮጵያ በ2018 ባወጣችው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ በቀለም ውስጥ የሚገኘው እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን ክፍል 90 ክፍል እንዳይበልጥ ወስናለች፤ ይህም በአንድ ኪሎ ቀለም ውስጥ ከ90 ሚሊ ግራም አይለፍ ማለት ነው። በአሮጌ የብረት ሥራ ላይ ያለው ሥጋት ግን በአዲስ ደንብ አይጠፋም። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የፈረንሳይ ባቡር በተሠራበት ዘመን ብረትን በቀይ የእርሳስ ኦክሳይድ መቀባት ዓለም አቀፍ ልማድ ስለነበር፣ የዚያ ዘመን የሆነ ማንኛውም የብረት ሥራ በብርጭቆ ወረቀት ከመፋቁ ወይም በአሸዋ ግፊት ከመጽዳቱ በፊት ሊመረመር ይገባል።

(የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

የምዘናውን ውጤት በጅቡቲ ከሁሉ በላይ የሚወስነው ቀለሙ ግድግዳ ላይ የሚኖርበት ዘመን ነው። በከተማዋ በዓመት የሚዘንበው ዝናብ ከ200 ሚሊ ሜትር በታች ቢሆንም የባሕሩ አየር እርጥበት ከፍተኛ ነው፤ በሞቃቱ ወራት ካምሲን የሚባለው ነፋስ ከበረሃው አቧራ አንሥቶ ያመጣል፤ የፀሐይ ጨረርም ረዚኑን እየበጣጠሰ ቀለሙን ወደ ዱቄት ይለውጠዋል። ግድግዳውን በእጅ ሲዳስሱት መዳፍ ላይ ነጭ ብናኝ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

ከፀሐዩ የባሰው ጨው ነው። አሠራሩን በቅርብ ማየት ይጠቅማል። በግድግዳው እግር በኩል ከመሬት የሚሳበው እርጥበት ወይም ባልታጠበ አሸዋ በተሠራ ልስን ውስጥ ያለው ውሃ ጨው ይዞ ወደ ውጭ ይጓዛል፤ ውሃው ከቀለሙ ሥር ሲተን ጨው ብቻውን ይቀርና ወደ ክሪስታልነት ይለወጣል፤ ክሪስታሉ እያደገ ሲሄድ ቀለሙን ከልስኑ ላይ ገፍቶ ያነሣዋል። መጀመሪያ ትንንሽ እብጠቶች ይታያሉ፣ ከዚያ ይሰነጠቃሉ፣ በመጨረሻም ቀለሙ እንደ ቅርፊት ይላጣል። በዚህ ላይ ሌላ ቀለም ደርቦ መቀባት ችግሩን ከመሸፈን በቀር አያስወግደውም፤ ጨውም ሥራውን ከሥር ይቀጥላል። ትክክለኛው አሠራር የተላጠውን ፍቆ ማንሣት፣ ጨዉን በደረቁ ጠርጎ ከዚያም ጨው በሌለው ውሃ ማጠብ፣ ግድግዳው በሚገባ እስኪደርቅ መጠበቅ፣ የእርጥበቱን ምንጭ መዝጋትና እንፋሎት የሚያሳልፍ ቀለም መምረጥ ነው። የሥራው ሰዓትም ወሳኝ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በሚያቃጥለው ግድግዳ ላይ የተቀባ የውሃ ቀለም ውሃው ቶሎ ስለሚያመልጠው ረዚኑ ሳይያያዝ ይደርቃልና ጥላ ያለበትን ሰዓት መምረጥ ያስፈልጋል። ለብረት ደግሞ በተቃራኒው የማለዳ ጤዛ ያሰጋል፤ በሙያው ደንብ የብረቱ ሙቀት ጤዛ ከሚፈጠርበት ሙቀት ቢያንስ በ3 ዲግሪ መብለጥ አለበት።

ይህ ጥንቃቄ በምዘናው ላይ ያለውን ክብደት ለመረዳት አንድ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ የተወሰዱ ናቸው። ስፋቱ 100 ካሬ ሜትር የሆነ የውጭ ግድግዳ ለ24 ዓመት መጠበቅ አለበት እንበል፤ አንድ ሊትር ቀለም 10 ካሬ ሜትር አንድ እጅ የሚቀባ ከሆነ ለሁለት እጅ 20 ሊትር ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ቀለም ርካሽ ሆኖ በየ3 ዓመቱ መታደስ ቢኖርበት፣ በ24 ዓመት ውስጥ 8 ጊዜ ይቀባል፤ ድምሩም 160 ሊትር ይሆናል። ሁለተኛው በደንብ በተዘጋጀ ግድግዳ ላይ 8 ዓመት ቢቆይ፣ 3 ጊዜ ብቻ ስለሚቀባ ድምሩ 60 ሊትር ነው። የሁለተኛው ቀለም አንድ ሊትር ከመጀመሪያው በአንድ ተኩል እጥፍ የበዛ የአካባቢ ጫና ቢኖረው እንኳ፣ 60 ሊትሩ በመጀመሪያው ቀለም ሲመነዘር 90 ሊትር ያህል ብቻ ይሆናል፤ ያም ከ160 በእጅጉ ያንሳል። በአንድ ቆርቆሮ ሲታይ የከፋ የመሰለው ቀለም በዘመን ሲለካ የተሻለ ሆነ ማለት ነው።

ምዘናው በዚህ ብቻ ሳይቆም የዝግጅቱን ወጪም መቁጠር አለበት። ጨው የሌለው ውሃ በጅቡቲ ውድ ነው፤ ከ2017 ጀምሮ የተወሰነው ከኢትዮጵያ በቧንቧ ይመጣል፣ ሌላው በዶራሌ ከባሕር ውሃ ጨው በማጣራት ይገኛል፣ ማጣራቱም መብራት ይፈልጋል። ስለዚህ ግድግዳን በውሃ ከማጥለቅለቅ ይልቅ ጨዉን አስቀድሞ በደረቁ መጥረግና በመጨረሻ በመጠኑ ማጠብ የተሻለ ውጤት ይሰጣል።

ነጭ ቀለም በዚህ የአየር ጠባይ ውስጥ የሚያስገኘው ጥቅምም በመዝገቡ ላይ መስፈር ይገባዋል። ጥራት ያለው አዲስ ነጭ ቀለም ከሚያርፍበት የፀሐይ ጉልበት 80 በመቶ ያህሉን ሲመልስ፣ ጥቁር ገጽ የሚመልሰው ከ10 በመቶ ብዙም አይበልጥም። በቆርቆሮ ወይም በጠፍጣፋ የኮንክሪት ጣሪያ ላይ የተቀባ ነጭ ቀለም ወደ ቤት የሚገባውን ሙቀት ስለሚቀንስ የማቀዝቀዣ ማሽን የሚበላውን መብራት ይቆጥባል፤ ማሽን መግዛት ለማይችል ቤተሰብ ደግሞ ሌሊቱን ለእንቅልፍ የሚመች ያደርገዋል። የቁጠባው የካርቦን ዋጋ መብራቱ በሚመነጭበት ምንጭ ይለያያል፤ ጅቡቲ በነዳጅ ብቻ መብራት ታመነጭ በነበረበት ዘመን እያንዳንዱ የተቆጠበ ኪሎዋት ሰዓት ከግማሽ ኪሎ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስቀር ነበር፤ ከ2011 ወዲህ የኢትዮጵያ የውሃ ኃይል በመግባቱና በ2023 በጉቤት 60 ሜጋዋት የነፋስ ኃይል ማመንጫ በመመረቁ ግን ይህ ቁጥር ዝቅ ይላል። የካምሲን አቧራ የነጩን ጣሪያ የመመለስ ኃይል ስለሚቀንሰውም በየጊዜው መጠረግ አለበት።

በዚህ ረገድ የጥንቱ የኖራ ቅብ እንደገና ሊታሰብበት ይገባል። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የተቆረቆረችው ጅቡቲ የቀድሞ ሕንፃዎቿ ከኮራል ድንጋይ የተሠሩ ሲሆን፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ተንፋሽ ግድግዳ ኖራ የሚስማማው እርጥበትና ጨው ወደ ውጭ እንዲያልፉ ስለሚፈቅድ ነው። ኖራ ለመሥራት የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቀቃል፤ ነገር ግን የተቀባው ኖራ ሲጠነክር ከድንጋዩ የወጣውን ጋዝ ከአየር መልሶ ይስባል፤ ለማቃጠል የዋለው ነዳጅ የለቀቀው ብቻ ሳይመለስ ይቀራል። ኖራ ቶሎ ቶሎ መታደስን ቢፈልግም ፕላስቲክ ስለሌለው የሚረግፈው ብናኝ አካባቢን በፕላስቲክ አይበክልም።

(የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

የጅቡቲን ቀለም በተመለከተ ባሕሩን መዝለል አይቻልም። መርከቦች ከውሃ በታች ባለው አካላቸው ላይ ዛጎልና አልጌ እንዳይጣበቅባቸው ሕይወት ያለውን ነገር የሚያርቅ ልዩ ቀለም ይቀባሉ። ትሪቢዩቲልቲን በተባለ የቆርቆሮ ብረት ውህድ የተሠራው ቀለም ለዚህ ሥራ እጅግ የተዋጣለት ነበር፤ ሆኖም በ1970ዎቹ መጨረሻ በፈረንሳይ አርካሾን የባሕር ወሽመጥ የኦይስተር እርባታን ክፉኛ በመጉዳቱና የባሕር ቀንድ አውጣዎችን የመራቢያ አካል በማዛባቱ፣ ፈረንሳይ በ1982 በትንንሽ ጀልባዎች ላይ አገደችው። ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት በ2001 ያጸደቀውና በ2008 ሥራ ላይ የዋለው ስምምነትም በመርከቦች ሁሉ ላይ ከልክሎታል፤ ከ2023 ጀምሮ ሳይቡትሪን የተባለው ፀረ አልጌ ኬሚካል በእግዱ ውስጥ ተጨምሯል። ዛሬ በብዛት የሚያገለግሉት መዳብ ያለባቸው ቀለሞች ሲሆኑ፣ መዳብም ቢሆን መጠኑ ሲበዛ በባሕር ሕይወት ላይ ጉዳት አለው። በሌላ በኩል ዛጎልና አልጌ የተጣበቀበት መርከብ ነዳጅ አብዝቶ ስለሚያቃጥል፣ ያለ ምንም መከላከያ መተው ጉዳቱን ከውሃ ወደ አየር ማዛወር ይሆናል። የሕይወት ዑደት ምዘና ጥቅሙ እንዲህ ያለውን ልውውጥ በግልጽ ማሳየቱ ነው። ጅቡቲ የሙሻና የማስካሊ ደሴቶች የኮራል ሀብት እንዲሁም በየዓመቱ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ የሚታየው ዌል ሻርክ፣ በዓለም ትልቁ ዓሣ፣ ባለአደራ እንደ መሆኗ፣ በ1982 በጂዳ በተፈረመው የቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ የአካባቢ ጥበቃ ስምምነት ውስጥ ያላት ድርሻ የመርከብ አካል ሲፋቅ የሚወጣውን ፍርፋሪ ባሕር ከመግባቱ በፊት መሰብሰብን ሊያካትት ይገባል።

የመጨረሻው ደረጃ መወገድ ነው። ብዙዎቹ ዘመናዊ ቀለሞች ረዚናቸው ፕላስቲክ ስለሆነ፣ ተላጦ የሚወድቀው ቅርፊትና በብርጭቆ ወረቀት የሚነሣው ብናኝ ማይክሮ ፕላስቲክ ይሆናል፤ ኢ.ኤ የተባለ የስዊዘርላንድ የጥናት ተቋም በ2022 ባወጣው ግምት በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ 1.9 ሚሊዮን ቶን የቀለም ፕላስቲክ ወደ ባሕርና ወደ ውሃ አካላት ይገባል። በጅቡቲ ይህ የሚሆንበት መንገድ አጭር ነው፤ ዝናቡ ጥቂት ቢሆንም በድንገት ሲወርድ የአምቡሊ ደረቅ ወንዝ ሞልቶ በከተማዋ ያገኘውን ሁሉ ወደ ባሕር ይጠርጋል። ቲነር፣ አኳራጅ ወይም የብሩሽ እጣቢ መሬት ላይ መድፋትም ሌላ አደጋ አለው፤ ከተማዋ ለብዙ ዘመን የጠጣችው ከባዛልት ዐለት ሥር ከሚገኝ የከርሰ ምድር ውሃ ሲሆን፣ ይህን ውሃ የሚመግበው በዋናነት የአምቡሊ ጎርፍ ነውና መሬት ላይ የፈሰሰው አሟሚ ወደ ጉድጓድ ውሃ ሊደርስ ይችላል።

ከዚህ ትንተና ለቤት ሠሪው፣ ለቀለም ቀቢውና ለነጋዴው የሚጠቅሙ ተግባራዊ ነጥቦችን ማውጣት ይቻላል። ቀለም ሲገዛ ዋጋው መታየት ያለበት ለሚሸፍነው ካሬ ሜትርና በባሕር ዳር አየር ለሚቆይበት ዓመት ተካፍሎ ነው። ለግድግዳ በውሃ የሚበጠበጠውን መምረጥ፣ ደማቅ ቢጫና ቀይ ቀለም ሲፈለግ የእርሳስ መጠኑን የሚያረጋግጥ ማስረጃ መጠየቅ፣ ከገንዘቡ ከፍ ያለውን ድርሻ ለጨው ማስወገድና ለግድግዳ ዝግጅት ማዋል ይገባል። ሲፋቅ ሥሩ ሸራ ዘርግቶ ፍርፋሪውን መሰብሰብ፣ የዘይት ቀለም የነካ ብሩሽ የታጠበበትን አሟሚ ዝቃጩ ከረጋ በኋላ ለቀጣይ ሥራ መልሶ መጠቀም፣ የተረፈውን ቀለም ክዳኑን አጥብቆ ለእድሳት ማስቀመጥ፣ ማስቀመጥ ካልተቻለ ለሚጠቀምበት ሰው መስጠት እጅግ ቀላል ከሆኑት ጥንቃቄዎች ናቸው። ለመንግሥታዊ ተቋማትና ለትልልቅ ገንቢዎች ደግሞ ትልቁ እርምጃ የጨረታ ሰነዳቸውን መለወጥ ነው፤ ሰነዱ ርካሹን ሊትር ከሚፈልግ ይልቅ ለተወሰነ ዓመት የሚቆይ ጥበቃን ቢጠይቅ፣ አቅራቢው ረጅም ዕድሜ ያለው ቀለም እንዲያመጣ፣ ተቋራጩም ግድግዳውን በሚገባ እንዲያዘጋጅ ይገደዳሉ። በጅቡቲ የሚኖርና የሚሠራ ሁሉ ቀለምን በዘመኑ መለካት ቢለምድ፣ የከተማዋ ግድግዳዎች ረዘም ላለ ጊዜ ይጠበቃሉ፣ የቀቢዎቿ ጤና ይጠበቃል፣ ባሕሯም የሚወርድበት ቆሻሻ ይቀንሳል።

የዛሬው ዝግጅት በዚህ ተፈጸመ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)